ታይታኒየሙ በስንት እግሩ ቆሟል? በሲሊካ ካታሊስት ላይ የሞለኪዩል መለጠፍን ደረጃ በደረጃ ማስላት

ከደሴና ከኮምቦልቻ የኬሚስትሪና የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ሲሊካ ላይ የተቀመጠ ታይታኒየም አሞኒያን በስንት ኪሎ ጁል ነው የሚይዘው?» የሚል። የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፣ መመረቂያ ጽሑፋቸው ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባ። ችግሩ አንድ ቁጥር የለም። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) የሚሠራበት ሲሊካ አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት ያለው ክሪስታል አይደለም። ገጹ ወጣ ገባ ነው፣ እያንዳንዱ ታይታኒየም ያረፈበት ቦታ ከጎረቤቱ ይለያል፣ ቦታው ሲለይ ደግሞ ሞለኪዩል የመያዝ አቅሙም ይለያል። ስለዚህ ዛሬ ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሮቹን እንዴት እንደምታወጡ ከሀ እስከ ፐ አሳያችኋለሁ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል። አብሽሩ።

ጉዳዩ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስፖንጅ ፍራሽ ጥሬ ዕቃ ከሚሠራባቸው ኬሚካሎች አንዱ ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ነው። ሼል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንን ኬሚካል በሲሊካ ላይ በተጫነ ታይታኒየም ያመርታል። በ1983 ደግሞ የጣሊያኑ ኤኒ ተመራማሪዎች ቲኤስ-1 ለተባለው ካታሊስት ፓተንት አገኙ። እሱ ላይ ታይታኒየሙ የሲሊካ ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ይሠራል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ላይ ሥራው የሚጀመረው ሞለኪዩል መጥቶ ታይታኒየሙ ላይ ሲለጠፍ ነው። አድሶርፕሽን የምንለው ይሄንን ነው።

ደረጃ 1፦ መቀመጫውን እወቁ

ታይታኒየም ሲሊካ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ በአራት ኦክስጅን ይከበባል። ቅርጹ ቴትራሄድራል ነው (አራት ፊት ያለው ፒራሚድ)፣ በሁለት ኦክስጅኖች መካከል ያለው አንግል ንጹሕ ቅርጽ ቢሆን 109.5 ዲግሪ። የታይታኒየምና የኦክስጅን ርቀት ወደ 1.8 አንግስትሮም (አንዱ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው) ሲሆን የሲሊከንና የኦክስጅን ግን ወደ 1.6 ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ግን ታይታኒየሙ ለሲሊከን በተሠራ ቦታ ላይ ነው የገባው፣ ስለዚህ ዙሪያውን ይገፋል፣ ዙሪያውም መልሶ ይገፋዋል።

ከአራቱ ኦክስጅኖች ስንቱ ከሲሊካው ጋር እንደተያያዙ ቁጠሩ። አራቱም ከተያያዙ ባለ አራት እግር ነው። ሦስቱ ተያይዘው አራተኛው ሃይድሮጅን ከያዘ ባለ ሦስት እግር ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ባለ ሁለት እግር። ባለ ሦስት እግሩን ሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት አድርጋችሁ ሳሉት፣ ከላይ ክፍት ነው፣ ከታች ጉልቻውና መሬቱ አለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፣ እዚህ ግን ጉልቻው አንድ ሁለት ዲግሪ ዘወር ሲል ወጡ ራሱ ይለወጣል።

ለምን? ታይታኒየሙ ባዶ ኦርቢታሎች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ አሉት። አሞኒያ ወይም ውሃ ሲመጣ ጥንድ ኤሌክትሮኑን ያካፍለዋል። ያኔ ታይታኒየሙ ከአራት ወደ አምስት ጎረቤት ይሸጋገራል፣ ቅርጹም ይቀየራል። እንግዳው የሚገባው ከአራቱ ኦክስጅኖች የአንዱ ተቃራኒ በሆነው ፊት በኩል ነው። ከጀርባ ያለው ያ ኦክስጅን ደግሞ ይርቃል፣ ቦንዱ ይረዝማል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። ባለ ሦስት እግር ታይታኒየም ላይ አራት ፊቶች አሉ፣ ግን አንዱ ፊት ወደ ሲሊካው ዞሯል፣ ተዘግቷል። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው የአንድ እግር ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ሞለኪዩሉ የሚለጠፈው አንድ እግር ትንሽ ሲለቅለት ነው። እግሩ በሲሊካው ውስጥ በግትሩ ከታሰረ አይለቅም፣ ወይም በብዙ ኢነርጂ ነው የሚለቀው። ቀድሞውኑ የተወጠረ እግር ከሆነ ግን በቀላሉ ይለቃል።

ደረጃ 2፦ ሲሊካውን ስንት ዲግሪ እንዳደረቃችሁት መዝግቡ

ብዙ ሰው ስሌት ስለሚሠራ ብቻ ይሄን ይዘለዋል። አትዝለሉት። የእግሩን ቁጥር ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የምድጃው ሙቀት ነው።

የሲሊካ ገጽ በሲላኖል ተሸፍኗል፣ ማለትም ከሲሊከን ጋር በተያያዘ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን። ታይታኒየሙ ሲጫን የሚያያዘው በእነሱ ነው። እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቫኪዩም ሲደርቅ የላይ ላዩ ውሃ ይሄዳል፣ ሲላኖሉ ግን ይቀራል። በአንድ ካሬ ናኖሜትር ላይ ከ4.6 እስከ 4.9 ገደማ። በ400 ዲግሪ ወደ 2.35 ይወርዳል፣ በ700 ደግሞ ወደ 1.15። ሙቀቱ ሲጨምር ጎረቤታሞች ሲላኖሎች ውሃ አውጥተው ይጣመራሉ፣ የቀሩት ተራርቀው ብቻቸውን ይቆማሉ።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በግራም 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊካ አለን እንበል። 1 ከመቶ ታይታኒየም በክብደት ጭነንበታል። የታይታኒየም የአቶም ክብደት 47.87 ስለሆነ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 0.21 ሚሊሞል አለ። ይሄንን ለስፋቱ ስታካፍሉት በካሬ ናኖሜትር 0.42 ታይታኒየም ይደርሳል። አሁን አወዳድሩ። በ200 ዲግሪ በደረቀው ላይ ለአንድ ታይታኒየም 11 ገደማ ሲላኖል ይደርሰዋል። በ700 በደረቀው ላይ ግን 3 እንኳን አይሞላም። የመጀመሪያው ታይታኒየም እግሩን የሚዘረጋበት አላጣም፣ ሁለተኛው የሚመርጠው የለውም። ጭነቱን እያበዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ታይታኒየሞቹ እርስ በርስ በኦክስጅን ይያያዛሉ፣ ቀስ በቀስም አናቴዝ የሚባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ይሆናሉ። ያ ሌላ ነገር ነው፣ የዛሬው ስሌት ለእሱ አይሠራም።

በላብራቶሪ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ነሐሴ ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ የደረቀ ሲሊካ በክፍት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ከምድጃ አውጥታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ሚዛን ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ የመጨረሻዋ ዲጂት ዓይናችሁ እያየ ትወጣለች። ያ ከአየሩ የሚገባ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ታይታኒየሙ ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፣ አንዳንዴም መለጠፍ ብቻ ሳይሆን አንዱን እግር ቆርጦ ባለ አራቱን ባለ ሦስት ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ ሞዴሉን ሥሩ

የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ፕሮግራሞች ናቸው። ለመሳል አቮጋድሮ፣ ለፈጣን ግምት ኤክስቲቢ፣ ለዋናው የዲኤፍቲ ስሌት (ኢነርጂን ከኤሌክትሮኖች ጥግግት የሚያወጣ ዘዴ) ኦርካ። ሁለቱ ነጻና ክፍት ናቸው፣ ኦርካም ለትምህርትና ለምርምር በነጻ ይሰጣል። ኢንተርኔቱ ደህና የሆነ ቀን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም።

በባለ ሦስት እግሩ ጀምሩ። መሃል ላይ ታይታኒየም። አንድ ኦክስጅን ከነሃይድሮጅኑ ወደ ላይ። ሦስት ኦክስጅኖች ወደ ታች፣ በእያንዳንዳቸው ጫፍ አንድ ሲሊከን። ሲሊከኖቹን ደግሞ በሌሎች ኦክስጅኖች አያይዟቸው። ከሲሊካው ቆርጣችሁ ያወጣችሁት ስለሆነ ጠርዙ ላይ የተቆረጡ ቦንዶች ይኖራሉ። እነሱን በሃይድሮጅን ዝጉ። ሃይድሮጅኑን ግን ዝም ብላችሁ አትለጥፉ፣ የተቆረጠው ሲሊከን በነበረበት አቅጣጫ፣ ከኦክስጅኑ 0.96 አንግስትሮም ርቀት ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ የሚመጣውን አደራ። ጠርዝ ላይ ያሉትን ሃይድሮጅኖች ቆልፉ፣ እንዳይንቀሳቀሱ። ካልቆለፋችሁ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አቶም ያዝናናና (ኢነርጂው ዝቅ እስኪል ቦታቸውን ያስተካክልና) ጠመም ያለው መቀመጫ ሁሉ ወደ አንድ ምቹ ቅርጽ ይመለሳል። አሥር የተለያየ ሞዴል ሠርታችሁ አሥር ተመሳሳይ መልስ ታገኛላችሁ፣ ከዚያም «ቅርጹ ለውጥ የለውም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። መልሱን ያጠፋው ግን ያልቆለፋችሁት ጠርዝ ነው።

አሁን ልዩነት ፍጠሩ። የአንዱን እግር ሲሊከን ከነጠርዙ ውሰዱና ከሌሎቹ በ0.1 አንግስትሮም አርቁት፣ ደግሞ በ0.1፣ ደግሞ በ0.1። ወደ ውስጥም እንዲሁ አቅርቡት። በእያንዳንዱ ጊዜ ጠርዙ ይቆለፍ፣ ታይታኒየሙና ዙሪያው ግን ይዝናና። ሲጨርስ ስድስቱንም የኦክስጅን፣ ታይታኒየም፣ ኦክስጅን አንግሎች ለኩና ጻፉ። አንዱ 104 ሌላው 118 ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለው አንግል ያለበት ፊት ለእንግዳው የተከፈተ በር ነው፣ እዚያ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ባለ አራት እግርና ባለ ሁለት እግር ሞዴሎችን በዚሁ መንገድ ጨምሩ። አንድ ሁለቱ ላይ ከታይታኒየሙ አጠገብ ሲላኖል ትከሉ፣ ጥቅሙን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ትልቅ ኮምፒውተር ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አለ። ሲሊካውን በሞለኪዩላር ዳይናሚክስ አቅልጦ አቀዝቅዞ ወጣ ገባውን ገጽ በሙሉ መሥራትና መቀመጫዎቹን ከዚያ መልቀም። በላፕቶፕ ግን አይሞከርም።

ደረጃ 4፦ ሞለኪዩሉን ምረጡ

አሞኒያ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በአንድ ናይትሮጅን ይይዛል። ፒሪዲን ቀለበት ስላለው ጠባብ ቦታ አይገባም፣ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ጥበቱን ያሳያችኋል። ውሃና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በታይታኒየሙም በሲላኖሉም ይይዛሉ፣ አንድ እጃቸው ታይታኒየሙ ላይ፣ ሌላው በሃይድሮጅን ቦንድ ጎረቤት ላይ። አጠገብ ሲላኖል ያለበት መቀመጫ ከሌለበት የሚለየው እዚህ ነው።

ፕሮፒሊን ላይ፣ ማለትም ፕሮፒሊን ኦክሳይድ የሚሠራበት ጋዝ ላይ፣ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ራሱ ታይታኒየሙ ላይ ጠንክሮ አይለጠፍም። መጀመሪያ ፐርኦክሳይዱ ታይታኒየሙን ይይዛል፣ ፕሮፒሊኑ ከዚያ መጥቶ ኦክስጅኑን ከፐርኦክሳይዱ ይወስዳል። ስለዚህ የምታሰሉት የፐርኦክሳይዱን መለጠፍ ይሁን።

ደረጃ 5፦ አስሉ

ናይትሮጅኑን ከታይታኒየሙ 2.5 አንግስትሮም ላይ አድርጉ፣ በአንዱ ክፍት ፊት ትይዩ። በኤክስቲቢ አዝናኑ። ከዚያ በሁለተኛው ፊት፣ ከዚያ በሦስተኛው። ሦስቱ የተለያየ ቦታ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ዝቅተኛውን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ወደ ኦርካ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ኤክስቲቢ ደረጃቸውን ሊያምታታ ይችላል። በኦርካ ፒቢኢ0 ወይም ቢ3ሊፕ የተባለውን የዲኤፍቲ ዓይነት፣ የዲስፐርሽን (በሞለኪዩሎች መካከል ያለ ደካማ መሳሳብ) ማስተካከያ ዲ3 ጨምራችሁ፣ በዴፍ2-ቲዜድቪፒ ቤዚስ ሴት (ኦርቢታሎቹ የሚገነቡበት የቀመር ስብስብ) አስሉ። ዲስፐርሽኑን አትርሱ፣ ፒሪዲን ላይ ያለሱ ውጤቱ ያንሳል።

የአድሶርፕሽን ኢነርጂው ይሄ ነው፦ ሞለኪዩሉ የተለጠፈበት ሞዴል ኢነርጂ፣ ሲቀነስ ባዶው ሞዴል፣ ሲቀነስ ሞለኪዩሉ ብቻውን። ኔጌቲቭ ከሆነ ይለጠፋል። ኦርካ በሃርትሪ (የአቶም ስሌት የኢነርጂ መለኪያ) ነው የሚሰጣችሁ፣ በ2,625.5 አባዙና ኪሎ ጁል በሞል ይሆናል። ይሄ ማለት አራተኛዋን የነጥብ ቁጥር እንኳን ማክበር አለባችሁ፣ 0.001 ሃርትሪ 2.6 ኪሎ ጁል ነውና። ሦስቱም ስሌቶች በአንድ ዓይነት ዘዴና በአንድ ዓይነት ቤዚስ ሴት ካልተሠሩ መቀነሱ ትርጉም የለውም።

መብራት ይጠፋል፣ ያው እናውቀዋለን። ኦርካ በየጊዜው የኦርቢታል ፋይልና የመጨረሻውን ቅርጽ ያስቀምጣል። መብራት ሲመጣ ከዜሮ አትጀምሩ፣ የመጨረሻውን ቅርጽ እንደ መነሻ ስጡት፣ ኦርቢታሉንም ከአሮጌው ፋይል እንዲያነብ እዘዙት። ከባዱን ስሌት ማታ ለቃችሁት ተኙ።

አሁን የሚጣፍጠው ክፍል። ውጤቱን ለሁለት ክፈሉት። የተለጠፈበትን ሞዴል ውሰዱና ሞለኪዩሉን ብቻ አጥፉ፣ ሌላው ሳይነካ፣ ሳይዝናና ኢነርጂውን አስሉ። ከተዝናናው ባዶ ሞዴል ኢነርጂ ጋር ያለው ልዩነት መቀመጫው እንግዳውን ለመቀበል የከፈለው ዋጋ ነው። የቅርጽ ለውጥ ኢነርጂ በሉት። የቀረው የመስተጋብር ኢነርጂ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ አንዱ መቀመጫ ላይ መስተጋብሩ -95፣ የቅርጽ ለውጡ +40 ቢሆን ድምሩ -55 ነው። ሌላው ላይ መስተጋብሩ -90፣ የቅርጽ ለውጡ +20 ቢሆን ድምሩ -70። ሁለተኛው በመስተጋብር ያነሰ ሆኖ ሳለ አጥብቆ ይይዛል፣ መንበርከክ ስላልከበደው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከአንግሎቹ ጎን በሠንጠረዥ ስትደረድሯቸው ቅርጹ በየትኛው በኩል እንደሚሠራ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አንድ ድምር ብቻ የሚጽፍ ጽሑፍ ይሄን ሁሉ ይደብቃል፣ እኔ በበኩሌ ሁለቱ ካልተለዩ አላምነውም።

ኢንትሮፒንም (የሞለኪዩሉን የመንቀሳቀስ ነጻነት መለኪያ) አስገቡ። የውሃ ተን ስታንዳርድ ኢንትሮፒ 188.8 ጁል በሞል በኬልቪን ነው፣ በ298 ኬልቪን ሲባዛ 56 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። ሞለኪዩሉ ሲለጠፍ ይሄን ሁሉ ባያጣም ብዙውን ያጣል። ስለዚህ -40 ያሳየ መቀመጫ በክፍል ሙቀት ባዶውን ሊውል ይችላል።

ስለ አየር ግፊት የሚጨነቁ አሉ፣ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 81 ነው። ከባሕር ወለል ጋር ያለው ልዩነት በነጻ ኢነርጂው ላይ አንድ ኪሎ ጁል እንኳን አይሞላም። ቅርጹ በአሥሮች ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጭንቀታችሁን ወደዚያ አዙሩት።

ደረጃ 6፦ አማካይ አትውሰዱ፣ መዝኑ

አሥር መቀመጫ አሥር ኢነርጂ ሰጣችሁ። ደምሮ ለአሥር ማካፈል ያምራል፣ ግን ስህተት ነው። የመያዝ አቅም ከኢነርጂው ጋር በኤክስፖኔንሻል ነው የሚሄደው።

እንዲህ እንይ። ከመቀመጫዎቹ 90 ከመቶው -40፣ 9 ከመቶው -50፣ 1 ከመቶው -60 ኪሎ ጁል ይይዛሉ እንበል፣ ኢንትሮፒው ለሁሉም እኩል ይሁን። አማካዩ -41.1 ነው፣ የብዙኃኑ ድምፅ። አሁን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዝኑት። 10 ኪሎ ጁል ልዩነት 56 እጥፍ ያህል ነው፣ 20 ደግሞ ወደ 3,190 እጥፍ። ግፊቱ ዝቅተኛ ሲሆን ከተለጠፈው ሞለኪዩል 84 ከመቶው ያለው በዚያች አንድ ከመቶ ላይ ነው። በብዙኃኑ ላይ ያለው 2.4 ከመቶ ብቻ። ሙቀቱን ወደ 100 ዲግሪ ስታደርሱት የአንድ ከመቶዋ ድርሻ ወደ 67 ይወርዳል፣ ሙቀት ልዩነቱን ያለዝባልና። ግፊቱን ስትጨምሩ ደግሞ ጠንካሮቹ ይሞላሉ፣ ተራው ለደካሞቹ ይደርሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መቀመጫ የላንግሚዩርን ቀመር (መቀመጫ በየግፊቱ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚሰጠውን) ለብቻው ሠርታችሁ በድርሻው አባዙና ደምሩ።

ይሄ ማለት ደግሞ ያልሠራችሁት አንድ ሞዴል መልሱን ሊገለብጠው ይችላል። ወጣ ያሉትን፣ የተወጠሩትን ቅርጾች በተለይ ፈልጉ። አንዱን ጨምራችሁ ድምሩ በብዙ ከተንቀሳቀሰ ገና አልጨረሳችሁም።

ደረጃ 7፦ ከልኬት ጋር አስተያዩ

መሣሪያ የሌለው የታተመ ልኬት ይጠቀም። በአልትራቫዮሌት ብቻቸውን የቆሙ ባለ አራት ጎረቤት ታይታኒየሞች 210 ናኖሜትር አካባቢ ይመጥጣሉ። ከ310 እስከ 330 የሚታይ ነገር ካለ አናቴዝ ተፈጥሯል፣ ሞዴላችሁ ያንን ናሙና አይወክልም። ውሃ ሲገባም መምጠጫው ወደ ረጅሙ የሞገድ ርዝመት ይሸሻል፣ ጎረቤት ስለተጨመረ።

የአሞኒያ ካሎሪሜትሪ (ሲለጠፍ የሚወጣው ሙቀት ልኬት) ከተገኘ ደግሞ እሰየው። የመጀመሪያዎቹ ሞለኪዩሎች ብዙ ሙቀት ያወጣሉ፣ ገጹ እየሞላ ሲሄድ ይቀንሳል። ኩርባው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ብዙ ዓይነት መቀመጫ አለ፣ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ድንገት ከወደቀ ጥቂት ዓይነት። የእናንተን ኢነርጂዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድራችሁ ጎን ለጎን ሳሉት።

በኢንፍራሬድ ፒሪዲን ታይታኒየሙን በልዊስ አሲድነቱ (ጥንድ ኤሌክትሮን ተቀባይ በመሆኑ) ሲይዝ 1,450 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር አካባቢ ይታያል፣ ሲላኖል ላይ በሃይድሮጅን ቦንድ የተንጠለጠለው ደግሞ በጣም ቀርቦት 1,446 ገደማ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላውን ጥንድ ተመልከቱ፣ 1,608 የታይታኒየሙ፣ 1,597 የሲላኖሉ። ናሙናውን ስታሞቁት ደካማው ቀድሞ ይሄዳል፣ ታይታኒየሙ ላይ ያለው ይቆያል። ስሌታችሁ ፒሪዲን ባለ ሦስት እግሩ ላይ በጥበት ምክንያት እንደማይይዝ ተናግሮ ሳለ ልኬቱ ላይ 1,608 ሞቆም አልጠፋ ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ባለ ሁለት እግር ሞዴሎች ጨምሩ።